በሰላምታ የሰከርኩ ዕለት

ሰው በጠላ ሲሰክር አይቻለሁ። በጠጅ ሲሰክርም፣ በሥልጣን ሲሰክርም አይቻለሁ። በሰላምታ የሰከረ ሰው ግን ከራሴ በቀር አላውቅም። ታሪኩን ስጀምር ሰዎች ቶሎ ብለው «ዝም ብለህ ጠጥተህ ነው» ይሉኛል። እናንተም ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ደሴ ላይ ሰው ብቻውን የሚሠራው ነገር ቢኖር እንቅልፍ ነበር፤ የቀረው ሁሉ በኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ራሱ የሚቋቋመው በአቋቋሚ ኮሚቴ ሲሆን፣ አቋቋሚውን ማን እንዳቋቋመው የጠየቀ ሰው አላየሁም። ለኮሚቴ የሚያስመርጠው ደግሞ ችሎታ አይምሰላችሁ። ምርጫ ባለበት ቀን መቅረት ነው። ጥርሴን ታምሜ የቀረሁ ጊዜ የመሥሪያ ቤታችን የእግር ኳስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተገኘሁ፤ እኔ ኳስ ወደ እኔ ስትመጣ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ።

በዚያ ሰሞን ሐሳቤ ሁሉ እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነበር። ሆጤ ውስጥ ሰዓዳ የምትባል ልጅ በኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ትመዝናለች። ሳሙና በሌለበት ቀን ሳይቀር ሳሙና ፈልጌ እሰለፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ «የለም» ትለኛለች፤ እኔም ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ኋላ ላይ እሷም «የለም» ስትል መሳቅ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ከመላክ ሌላ ምን ቀረኝ?

አባቷ ሐጂ እንድሪስ ይባላሉ። ድሮ እንጨት ይነግዱ የነበሩ፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ጥቂት፣ ሰላምታቸው ግን ብዙ የሆነ ሰው ናቸው። ትልቋን ልጃቸውን ለአንድ ሰካራም ድረው፣ ልጅቱ ዕቃዋን በጆንያ አስራ ከተመለሰች ወዲህ በመጠጥ ነገር ቀልድ አያውቁም። ሽማግሌዎቼን የጠየቋቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ይሰግዳል ወይ፣ ልጁ ይጠጣል ወይ። ሽማግሌዎቼም ይሰግዳል፣ መጠጥ ግን እንኳን ሊጠጣ ሽታውንም አያውቅ ብለው መለሱ። እውነት ነበር። ሐጂ እንድሪስም መልሱን ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ኑና ውሰዱ አሉ።

ይህ የሆነው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ጓድ መንበሩ አስጠሩኝ።

ጓድ መንበሩ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ናቸው። ወዳጅ አገር ሄደው ተምረው ሲመጡ፣ ሌላው ሰው ዲፕሎማ ይዞ ሲመለስ እሳቸው ዲፕሎማ፣ ጢምና ሦስት ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። ጠርሙሶቹን የሰጣቸው አብሯቸው ይማር የነበረ የሜክሲኮ ልጅ ነው። መጠጡ ቴኪላ ይባላል። ነጩ ከተነጠረ በኋላ በርሜል ያልነካው፣ ቢጫው በእንጨት በርሜል ወራት ያረፈ፣ ቡናማው ደግሞ እዚያው በርሜል ውስጥ ዓመታት የተኛ ነው። ጠግቦ መተኛት ለሰው ባልተፈቀደበት በዚያ ዘመን ለመጠጥ መፈቀዱ እኔን ገርሞኛል።

ጓድ መንበሩን ያስገረማቸው ግን ሌላ ነው። ቴኪላ የሚወጣው ቃጫ ከሚመስል እሾሃም ተክል ነው። ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ ደግሞ አጥሩ ሁሉ ቃጫ ነው። ይህን ሀብት እስከዛሬ የደበቀን ኢምፔሪያሊዝም እንጂ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የአረቄ አውጪ ሴቶችን ማኅበር አሰባስበው የቃጫውን እምብርት በእሳት አስጠበሱ፣ አስጠነሰሱ፣ አስወጡ፤ በሦስት የእንጨት በርሜልም አስሞሉት። ከሜክሲኮው ጋር ተወዳድሮ፣ የትኛው በርሜል እንደሚሻል ተለይቶ፣ ለአብዮት በዓል ይቀርባል።

«አንተ የቀማሽ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነሃል» አሉኝ።

ሃይማኖቴ እንደማይፈቅድ፣ ጠጥቼም እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ለካ የተመረጥኩት በዚሁ ምክንያት ነው። የሚጠጣ ሰው ወገንተኛ ነው፤ ፍርዱን በፍቅር ያዛባል። ገለልተኛ ምላስ ያለው ሰው መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ቢያስሱ ያገኙት እኔን ብቻ ነው። ስለ ሃይማኖቴም አስበውበት ኖሮ፣ አብዮቱ የሚፈልገው ምላሴን እንጂ ጉሮሮዬን እንዳልሆነ አስረዱኝ። የሠለጠነ ቀማሽ አይውጥም። አፉ ውስጥ ያንከባልልና ባልዲ ውስጥ ይተፋል። እምቢ ማለት ደግሞ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሳይነግሩኝ፣ እስክሪብቷቸውን ብቻ ከፈት ዘጋ አደረጉ።

ሌሊቱን ለራሴ ሙፍቲ ሆንኩ። ራሴ ጠየቅሁ፣ ራሴ መለስኩ፤ የተተፋ ነገር እንዳልተጠጣ ይቆጠራል ብዬ ፈረድኩ። ሊቃውንት ያልጠየቅሁት መልሳቸውን ስለማውቀው ነው።

ረቡዕ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ጓድ መንበሩ አቀማመስ ያስተምሩኛል። መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በአፍንጫ፣ ከዚያ በምላስ፣ ከዚያ ወደ ባልዲ። እኔ በልቤ የምደግመው ባልዲውን ብቻ ነበር። ሌላ የኮሚቴ አባል ይኖር እንደሆነ ስጠይቅ አንድ የሕዝብ ተወካይ ከቀበሌ እንደሚመጣ፣ በሌላ መኪና እንደሚደርስ ነገሩኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ምናለ በጠየቅሁ።

የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ የተቀበሉን እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። አረቄ በማውጣት ልጆች ያሳደጉ፣ ሰፊ ሴት፤ አሁን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ተብለዋል። ሦስቱ ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ፣ ሦስቱ በርሜሎች ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው አጠገብ አዲስ ቀይ ባልዲ አለ። ባልዲውን ሳየው ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ።

እትዬ ወርቅነሽ እንደ ደንቡ ጠብታ መዳፋቸው ላይ አፍስሰው መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ። ጓድ መንበሩ ቀማሹ ኮሚቴው ነው ብለው ሊከለክሏቸው ቢሞክሩ፣ «ሳልቀምስ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ መርዝ ቢሆንስ?» አሏቸው። ጓድ መንበሩ ነጩን አንስተው አየት፣ ሸተት፣ ጎንጨት አደረጉ። አንከባለሉት። ከዚያም ወደ ባልዲው እንትፍ አሉ።

እትዬ ወርቅነሽ ጎንበስ ብለው «አሜን» አሉ።

ምን ያድርጉ? በሕይወታቸው ከከበረ ሰው አፍ እንትፍ ሲባል ያዩት ለምርቃት ብቻ ነው። የተተፋው የመጠጡ ጉዳይ መሆኑ፣ የእሳቸውም ተራው ሲደርስ እንደሚተፋ ሲገባቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። የእሳቸውን እጅ የቀመሰ ሰው ወድቆ ያውቃል፣ ተሸክመውት ሄደው ያውቃሉ፤ ተፍቶት አያውቅም። እስከ ማታ ድረስ ባልዲውን እንደ ጣውንት ነበር የሚያዩት።

እኔም ነጩን ጎነጨሁ። ክብሪት የላስኩ መሰለኝ፤ ኋላው ደግሞ አዲስ የታጨደ ሣር ሣር ይላል። በደንብ ተፋሁት። ይህን እንድትመዘግቡልኝ እፈልጋለሁ፤ የመጀመሪያውን ተፍቻለሁ።

ቢጫውን አፌ ሞልቼ፣ ይሄስ ቀረፋ ቀረፋ ይላል እያልኩ ሳንከባልል በሩ ተከፈተና የሕዝብ ተወካዩ ገቡ። ነጭ ጀለቢያ፣ ነጭ ኮፍያ፣ ትከሻ ላይ ነጭ ሻል። ሐጂ እንድሪስ።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ።

እስቲ ፍረዱኝ። አፌ ሙሉ ነው። ሽማግሌ ፊት መትፋት በእኛ አገር ፊታቸው ላይ እንደ መትፋት ነው፤ ያውም የሚስትህ አባት ሊሆኑ ሁለት ቀን የቀራቸው ሽማግሌ ፊት። ሰላምታ አለመመለስ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ባልዲው እግሬ ሥር ነው፤ ከእሱ ይልቅ ሜክሲኮ ትቀርበኝ ነበር። ዋጥኩት።

«ወዓለይኩሙ ሰላም» አልኩ፤ ከቃሉ ጋር እሳት የወጣ መሰለኝ።

የወሎን ሰላምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዴ ተብሎ የሚያበቃ ነገር አይደለም። ሐጂ እንድሪስ ዓፊያ መሆኔን ጠየቁ፣ እናቴን ጠየቁ፣ ዝናቡን ጠየቁ፤ ከዚያ ወደ በርሜሎቹ ዞሩ። እዚህ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ የበርሜል ኮሚቴ ነኝ አልኳቸው። እሳቸውም የበርሜል ኮሚቴ ናቸው። ቀበሌው የነገራቸው ማኅበሩ በርሜል አሠርቷልና እንጨት የሚያውቅ ታማኝ ሽማግሌ ይይልን ብሎ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የነገራቸው የለም፤ እሳቸውም ውሃ እንጂ ሌላ አላሰቡም።

ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ቡናማውን ጎነጨሁ። ለስላሳ ነው፤ የተቃጠለ ስኳርና አሮጌ ሳጥን። ባልዲው ላይ ጎንበስ ስል ሐጂ እንድሪስ ሐርቡ ያለውን አጎቴን አስታውሰው ዞሩ።

«አጎትህስ? እግሩ ተሻለው?»

ዋጥኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው።»

ወደ እኛ በርሜሎች አለፍን። የመጀመሪያው ከዋንዛ የተሠራ ነው፤ እርሳስ እያኘኩ ትምህርት ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። የአጎቴ ሚስት እንዴት ናት ተባልኩ፤ ዋጥኩ፤ ደህና ናት። ሁለተኛውን በርሜል እትዬ ወርቅነሽ እንደ ጠላ ጋን በወይራ አጥነውታል፤ መጠጡ በጭስ የታጠነ የእርጎ ዕቃ ይሸታል። ከብቶቹስ ተባልኩ፤ ዋጥኩ፤ ከብቶቹም ደህና ናቸው። ሦስተኛው በርሜል ድሮ የኑግ ዘይት የተቀመጠበት ነው፤ እንጀራ አምጡልኝ ያሰኛል። የአጎቴ ጎረቤት፣ ያ ከሐጂ ጋር ድሮ እንጨት የጫነው፣ በሕይወት አለ ወይ ተባልኩ። ሰውየውን አላውቀውም፤ ግን ዋጥኩና አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ጓድ መንበሩ ሁኔታዬን ከአብዮታዊ ጉጉት ቆጥረውት ኖሮ በዓይናቸው አበረታቱኝ። ከዚያ ውይይት ተከፈተ። ለምላሴ ቡናማው ከሁሉም እንደሚበልጥ ተናገርኩ፤ በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥር ይሻላል አልኩ። ጓድ መንበሩ ፊታቸውን አጨለሙ። ዕድሜ ስላለው ብቻ ይበልጣል ማለት ንጹሕ የፊውዳል አስተሳሰብ ነው። ወጣቱ ነጭ ጭቁን ሆኖ ሳለ፣ ጥላ ሥር ተኝቶ የኖረውን ማወደስ ለምን አስፈለገ? ግለ ሂስ እንዳደርግ ጠየቁኝ። ለግለ ሂስ ደግሞ መቆም ያስፈልጋል።

መቆሙን ተነሥቼ ስሞክረው ነው እግሮቼ የየራሳቸው ኮሚቴ እንዳቋቋሙ የገባኝ። ሦስተኛውን በርሜል አቅፌ ያዝኩ። በርሜሉ ያዘኝ፤ ውታፉ ግን ከእጄ ጋር ወጣ። የኑግ ዘይት የሚሸተው ቴኪላ ፏ ብሎ ወረደ። እትዬ ወርቅነሽ ጮኹ፣ ጓድ መንበሩ ወንበር ላይ ወጡ። ሐጂ እንድሪስ ግን የእንጨት ሰው ናቸው፤ በርሜል ሲፈስ ዝም ብሎ ማየት አይችሉም። ሻላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጠቀጠቁበትና፣ ውታፉ ተፈልጎ እስኪመለስ ድረስ በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። ከክርናቸው በታች ረጠቡ፤ ጀለቢያቸውም ራሰ።

ከዚያ እጃቸውን አሸተቱ። «ምንድን ነው ይሄ?»

ጓድ መንበሩ የቃጫ ጭማቂ መሆኑን ገለጹ።

«አረቄ ነው ሐጂ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «እርስዎን መዋሸት አልችልም።»

ሐጂ እንድሪስ አስተግፊሩላህ ብለው ተቀመጡ። መጀመሪያ ሻላቸውን አዩ፣ ቀጥሎ ብርጭቆዬን፣ ቀጥሎ እኔን። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሰዓዳ ከፊቴ ቀስ እያለች ስትሄድ ታየኝ፤ «የለም» ስትለኝም ሰማሁ፤ ሳቅ የለበትም።

ስንመለስ ሐጂን ያመጣቸው መኪና ሄዶ ስለነበር፣ ጓድ መንበሩ ከሾፌሩ ጋር ከፊት፣ እኔና ሐጂ እንድሪስ ከኋላ ተቀመጥን። እርጥቡን ሻል ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። መኪናው ውስጥ ያለው ሽታ መስኮት የሚከፈትለት ዓይነት አልነበረም። ደሴ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ የኋላውን በር ከፈተና ወደ ኋላ አፈገፈገ። አፍንጫውን ሸፍኖ ሐጂን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ፤ የሆጤ ልጅ ነው፣ ያውቃቸዋል። እሱ ካወቀ ደግሞ እስከ ማግሪብ ሶላት ሆጤ በሙሉ ያውቃል።

«ሐጂ፣ እርስዎ ነዎት የሚሸቱት?»

ጓድ መንበሩ ከፊት ሆነው ኮሌታቸውን ያስተካክላሉ። ሐጂ እንድሪስ ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ እርጥብ እጃቸው ሻሉን ጀለቢያቸው ሥር ሊደብቅ ይታገላል። ያ እጅ ነው ሆዴን የበላው። ዝም ብል እኔን የሚጠረጥረኝ የለም፤ እስከ ዓርብም አንድ ነገር እፈጥር ይሆናል። ግን እኚህ ሰው በመጠጥ ምክንያት አንዴ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ በእኔ ምክንያት ደግመው ሊደፉ ነው።

«እኔ ነኝ የጠጣሁት» አልኩ። «እሳቸው ላይ ያለው እኔ የደፋሁት ነው። ከንፈራቸውን አልነካም፤ ወላሂ።»

መሐላው ከዚያ አፍ መውጣቱ ልጁን አሳቀው። ሐጂ ግን አልሳቁም። ልጁ አሽትቶኝ ማስረጃው በቂ ሆኖ ስላገኘው ስሜን ጠይቆ በሩን ዘጋ። በማግስቱ ሆጤ የተወራው ሐጂ አንድ ሰካራም ቀጥቅጠው፣ በሰካራሙ አረቄ ልብሳቸው እንደራሰ ነው።

ዓርብ ሽማግሌዎቼ ሲሄዱ አትሂዱ አልኳቸው። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ለምን ትዋረዳላችሁ? እነሱ ግን ቃል ቃል ነው ብለው ሄዱ። ስጠብቅ ቤቴን ጠረግሁ፣ እንደገና ጠረግሁ፣ የጠረግሁትን በትኜ ጠረግሁ። ሲመለሱ ከመካከላቸው ትልቁ ቁጭ ብሎ ውሃ ጠየቀ፤ ጠጥቶ እስኪጨርስ ልሞት ነበር።

ሐጂ እንድሪስ እንዲህ ብለዋል አለ። «ልጁ መጠጣት አያውቅም፤ ያየሁት በዓይኔ ነው። መትፋትም አያውቅም፤ ሰላምታዬን ሊመልስ ብሎ ነው የዋጠው። መጠየቁን ብተውለት ባልሰከረ። ኬላው ላይ ግን እኔ እሱን በማላድንበት ቦታ እሱ እኔን አድኖኛል። ሰዓዳን ጠይቄያታለሁ፤ ይሁን ብላለች።»

አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ሽማግሌው ደግሞ መልእክት ቀርቶት ኖሮ ሐጂ ለኮሚቴው ድምፃቸውን አለመስጠታቸው እንዳስጨነቃቸው ነገረኝ። ሰዓዳ ሻሉን አጥባ አጥባ የኅብረት ሱቁን ሳሙና ልትጨርስ ነው፤ የኑግና የአረቄው ሽታ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ቶሎ የማይለቅ ነገር የሚፈለግ ከሆነ፣ የሐጂ ድምፅ ለሦስተኛው በርሜል ነው።

ድምፃቸውን ለጓድ መንበሩ አደረስኩ። አላስፈለገም። ሦስቱም በርሜሎች በሙሉ ድምፅ አንደኛ ወጥተው፣ የሜክሲኮዎቹ ጠርሙሶች ደግሞ ለተጨማሪ ጥናት ወደ ጓድ መንበሩ ቤት ሄደው ነበር።

የኒካሁ ዕለት ምሳ ላይ የሰዓዳ አክስት አንድ ጉርሻ አጎረሰችኝ። ጉርሻ አልነበረም፣ ድርጎ ነበር፤ ጉንጮቼ ሁለቱም ሞሉ። ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ሐጂ እንድሪስ ገቡ። «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ።

አንገቴን ቀና አደረግሁ፤ ልውጠው ተዘጋጀሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሐጂ እንድሪስ አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው፣ ያ ሻል ትከሻቸው ላይ እንዳለ፣ አኝኬ እስክጨርስ ድረስ ቆመው ጠበቁኝ።